በውሉ ላይ የሌለች

ከፍራሼ ሥር አለ፣ በፌስታል ታሽጎ ከርሞ፣
ሦስተኛ መንጃ ፈቃድ፣ ስሜን ተሸክሞ፤
«መሬማ» ይላል ጽሑፉ፣ ፎቶው ላይ ኮስትሬአለሁ፣
በሱ ሲሚንቶ ጭኜ ባቲን ወርጃለሁ፤
ሽንኩርት ጭኜ ሚሌ፣ ጨው ጭኜ ስመለስ፣
የፍሬን ሽታ ለምጄ እንደ ራሴ ልብስ።
ብድሩ ነው ያመጣኝ። አይሱዙው ተሸጠ።
መሪ የያዘ እጄ ለሰው ቤት ተሰጠ።

ሱር ላይ፣ ባሕሩ ዳር፣ እማማ ራያን ነው የማስታምም፤
ስሟን ሲነግሩኝ ደነቀኝ፣
ከወልድያ ማዶ ያለ ምድር ፊቴ ድቅን አለብኝ።
ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ ግራ ጎኗ ሰንፏል፣
ምላሷ ግን አልሰነፈም፣ ካሻው ሰው ይገርፋል።
ሌሊት ሁለቴ አገላብጣታለሁ፣ ቁስል እንዳያገኛት፣
አሥራ አንድ ዓይነት ክኒን በየሰዓቱ እየሰጠኋት፣
ስኳሯን ለክቼ፣ መርፌዋን ወግቼ፣
ጥፍሯን ቆርጬላት፣ ጸጉሯን በዘይት አሽቼ።
ይህን ሁሉ ስሠራ ፈቃድ የጠየቀኝ የለም።

መኪናው ግቢ ውስጥ ነው፣ ነጭ ፕራዶ፣ ሸራ ለብሶ፣
ልጇ ሙባረክ አርብ አርብ ከመስቀጥ ተመልሶ
ባትሪው እንዳይሞት ብሎ አስነስቶ ያጠፋል፣
ቁልፉን ከፍ ካለ ሚስማር መልሶ ይሰቅላል።
ያን ድምፅ ስሰማ ቀኝ እግሬ
ብቻውን ወለሉን ይጫናል።

አንድ አርብ ኢንሹራንስ ደወለ፣ አጠገቡ ቆሜ፦
«አስታማሚያችን መንዳት ትችላለች፣ ይግባልኝ ስሟ ከስሜ።»
ቤተሰብ ናት?
አይደለችም።
በቪዛዋ ሾፌር ናት?
አይደለችም።
እቤት ነው የምታድረው?
አዎ፣ ከእናቴ አልጋ ሥር።
መንጃ ፈቃዷስ የየት ነው?
ሲነግረው ትንሽ ዝም አለ። ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ።
«የውጭ ፈቃድ ለጎብኚ ነው። እሷ ነዋሪ ናት።
ብታጋጭ፣ እኛ አናውቃትም።»
ሙባረክ ስልኩን ዘጋና ወደ እኔ ዞር ብሎ፣
እንዲገባኝ ብሎ አረብኛውን አቅልሎ፦
«መሬማ፣ ቁልፉን አትንኪ። ኢንሹራንስ አያውቅሽም።»
አያውቅሽም! እኔስ መቼ አወቅሁት? ሰላም ተባብለን አናውቅም።

ያን ሌሊት ዝናብ ጣለ። ሱር ዝናብ ብዙ አታውቅም፣
ሲመጣ ግን እንደ አራጣ አበዳሪ ነው፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም።
ዋዲው ሞላ። የራያ ትንፋሽ አጠረ፣
ከንፈሯ መብራቱ ሥር እንደ ቀለም ጠቆረ።
አምቡላንስ ደወልኩ። «ከዋዲው ማዶ ነን፣ ውሃው እስኪጎድል» አሉኝ።
ውሃው እስኪጎድል!
ሙባረክ ስልክ አያነሳም።
ወንበር ላይ ወጥቼ ቁልፉን አወረድኩት፣
ራያን አዝዬ ወስጄ የኋላ ወንበር አስተኛኋት፤
ዱዓው ሁሉ ጠፋብኝ፣ አፌ ላይ የመጣው
«ፍሪሲዮን፣ ማርሽ» ነው።
ለካ አውቶማቲክ ኖሯል።
ግራ ጎኗ የሰነፈ፣ ግራ እግሬ ሥራ የፈታ፣
ሁለታችን በአንድ መኪና፣ በጎርፍ መሀል፣ በማታ።
በሩ ጠበበኝ፤ ጎኑን ግንቡ ፋቀው፣
ያ ድምፅ ደመወዜ ነበር፣ የስንት ወር እንደሆን ማን ያውቀው።
እንደ ባቲ ቁልቁለት በዝግታ፣ በዝግታ፤
አደባባዩ ላይ ቆሜ ለባዶ መንገድ ቅድሚያ ሰጠሁ፣
ሕግ አዋቂ መሆኔን ለማን እንደማሳይ እንጃ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ዘበኛው ባትሪ አበራብኝ፣
«ማነው የነዳው?» ሲል ምራቄ ደረቀብኝ።
ራያ፣ ጭምብል አፏ ላይ፣ ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተኝታ፣
ቀኝ ጣቷን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥታ፦
«እኔ።»
ዘበኛው እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ደብተሩን ዘጋ።
«የዛሬው ዝናብ!» አለ፣ ሌላ አልጨመረም።

አርብ ሙባረክ መጣ። ጭረቱን በጣቱ ዳሰሰ፣
ኪሎሜትሩን አነበበ፣ ሸራውን መልሶ አለበሰ።
ከደመወዜ ይቆርጥ ይሆናል፤ ወሩ ገና አላለቀም።
ማታ ሊሄድ ሲል መዶሻ ሰማሁ፣
ሚስማሩን ነቅሎ ክንድ ያህል ዝቅ አድርጎ መታው።
አሁን ቁልፉ ጋ እጄ ያለ ወንበር ይደርሳል።
መንጃ ፈቃዴ ግን፣ እዚያ ፍራሹ ሥር፣
በሰኔ ጊዜው ያልፋል።