ብናኝ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት ያልገባለት ሕንፃ ላይ፣
መስኮቴን በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ ስክሪኑ ብቻ እንዲታይ፣
አሥራ አንድ ደቂቃ ጎርፍ አለኝ፣
በዛገ ጣሳ ታሽጎ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ የመጣልኝ።
አቃቂ ወንዝ የሞላበት፣
የከተማው ግርጌ የታጠበበት፣
የነሐሴ ጠዋት ነው፤ ዓመቱ ከጣሳው ላይ የተፋቀበት።

ድምፅ የለውም። ሰዎች አፋቸውን ይከፍታሉ፤
እንደ ጉንዳን ይፈጥናሉ፤
ፍራሽ ተሸክመው፣ ፍየል ጎትተው፣ ከምስሉ ጠርዝ ይወድቃሉ።

መጀመሪያ ፍጥነቱን ገራሁት፤ ሰው እንደ ሰው መሮጥ ጀመረ።
ቀጥዬ ጭረቱን ጠረግኩ፤ ዝናብ መስሎኝ የነበረ
ግማሹ ጭረት ነበረ።
ከዚያ ማሽኑን «ብናኝ ልቀም» አልኩት፤ ሌሊቱን ሙሉ ለቀመ፤
ምስር ለቃሚ ወገቧን ያማታል፤ እሱ መች ደከመ!
ሲነጋ የጠራ ጎርፍ ጠበቀኝ፤
እጄን ልታጠብበት ቃጣኝ።

ቀለሙ ግን እምቢ አለ።
ማሽኑ ውሃውን ሰማያዊ ቀባው፤ ባሕር አይቶ ያደገ መሰለ።
ቆርቆሮውን ሸክላ አደረገው፤
የሰዉን ፊት እንደ ሊጥ አነጣው።
እና ዓይን ፍለጋ ወረድኩ።

ጋሽ ዋቅጅራ ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ነክሯል፤
ጡረታ ወጥቶም ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ተቀብሯል።
ቀለም በስሙ አይጠራም፤ በቁጥር ነው።
«ውሃው ቁጥር አሥራ አራት፤ ድስት የታጠበበት እጣቢ ነው።
የሴትዮዋ ጃንጥላ ቁጥር ሦስት፣ ጉበት።
በሬው ነጭ አይደለም፤ ዳለቻ ነው፣ የባልቻ፣ ገና ዕዳው ያልተከፈለለት።»
እሱ ይጠራል፣ እኔ እቀባለሁ፤
በመሃል መብራት ይሄዳል፤ ዳቦ እንቆርሳለን፤ ይመጣል፤ እቀባለሁ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ዝም አለ።
«መልሰው።»
መለስኩት።
«አሁንም።»
ዳር ላይ ቁምጣ የለበሰ ልጅ ቆሟል፣ ጣቱን ወደ ወንዙ ቀስሯል።
«ይሄ እኔ ነኝ» አለ። «ምኑን ነው የማሳየው?»
ውሃውን አየሁ። ባዶ ነው። ልጁ የሚያሳየው
የኔን ጽዳት ነው።

ያልታጠበውን ቅጂ ከፈትኩ።
ከድልድዩ ሥር፣ ከጣውላው ኋላ፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ።
ብናኝ አንድ ፍሬም ላይ ያርፍና ቀጣዩ ላይ ይጠፋል።
ይቺ ግን ሃያ ሁለት ፍሬም ከወንዙ ጋር ወረደች፤
አንድ ሰከንድ አትሞላም፤
ዞረች፣ ወጣች፣ ገባች፣
በሃያ ሦስተኛው የለችም።

ጋሽ ዋቅጅራ መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፤
መልሶ አላደረገውም፤ ኪሱ ከተተው።
«ምን ቀለም ልስጠው?» አልኩት፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።
ጥፍሩን ሲያይ ቆየ።
«ኩታራ ነበርን። ውሃው ኳሳችንን ወሰደ፤ እሱ ደግሞ ዋናተኛ ነኝ ባይ።
ቁጥር የለውም። እንዳለ ተወው።
ብቻ መልሰው።»

መለስኩት። በእጄ፣ ፍሬም በፍሬም፣ ሃያ ሁለቱንም።
ማሽኑ ሲጠይቀኝ አደረ፦ «እንከን ተገኝቷል፤ ላጥፋ?»
አይ።
«ላጥፋ?»
አይ።
ውጭ ዝናብ ጀምሯል፤ ከሕንፃው ሥር ያለው ቱቦ ሞልቶ ያጉረመርማል፤
የኮንዶሚኒየሙ ልጆች ኳስ አንድ ቦታ ተወሽቆ ይንሳፈፋል።

ትናንት አሠሪዎቼ ደወሉ፤ በሥራው ደስ ብሏቸዋል፤
ጃንጥላዋን ወደዋታል፤ የበሬው ነገር ገርሟቸዋል።
«ግን ከድልድዩ ሥር አንዲት ቆሻሻ ቀርታለች፤ አይተሃታል?»
«አይቻታለሁ» አልኩ።