በየትኛው መስመር

ሴቱባል ወደብ ላይ፣ ሰርዲን በሚያሽገው ፋብሪካ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ቁጥር ስደምር፣ ሚዛን ስለካ፣
ትልቁን ዕዳ አልጻፍኩትም ለካ።

ኤርናኒ ከሊዝበን ትምህርቱን ጨርሶ፣
የአባቱን ወንበር አዲስ ቆዳ አልብሶ፣
ሰበሰበንና ሰሌዳው ላይ ሣጥን ሣጥን ሣለ፤
«ከዛሬ ጀምሮ አለቃ የለም፣ ገበያ ነው» አለ።
«ቆራጩ ለአብሳዩ ይሽጥ፣ አብሳዩም ለአሻጊው፣
አሻጊው ለጠቅላይ፤ ዋጋ ነው ዳኛው።
ለራስ ሲቆርሱ መቼም አያሳንሱም፣
ሁሉም ለራሱ ይቁረስ፤ እኛም አንከስርም።»

አልዋሽም፣ ሠርቷል።
በመጀመሪያው ወር ጨው መሬት አልፈሰሰም፣
መብራት ባዶ ክፍል ሲበራ አላደረም፤
ሰነፉ ዞዚሙ እንኳ፣ የእንፋሎቱ ሰው፣
ሦስት ዓመት ያንጠባጠበ ቧንቧውን ጠገነው።
እኔም ደስ ብሎኝ ዋጋ አወጣሁ ለሁሉም፦
እንፋሎት በደቂቃ፣ ቢላ መሳል በቁጥር፣
ራሱ የተቆረጠ ዓሣ በኪሎ ግራም።
ኮሪደሩን ሊያከራይ የቃጣውም ነበር።

ዴኦሊንዳ ግን፣
ከማሸጊያው ማሽን ወዲህ፣ ጥቅለላው ጠረጴዛ ላይ፣
ቆርቆሮውን አንስታ፣ ወረቀቱን ሳታስነካው ገና፣
በጣቷ አንጓ ትመታዋለች፤ አንዴ።
ደህናው «ኳ» ይላል።
አየር የገባው «ዷ»።
ያኔ አንገቷን አስግጋ፣ የማሽኑን ጩኸት በጩኸት አልፋ፣
«ቤልሚሮ! ሦስተኛው!» ትላለች፤
እሱ ብሎኑን ጠበቅ፣ እሷ ወደ ሥራዋ ቀለስ።
ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረች።
ያዘዛት የለም፤ የከፈላትም።

አንድ ሐሙስ፣ ሽርጧን ሳትፈታ፣ መስኮቴ ጋ መጣች።
«መጠቅለሉ በፍሬ ነው፤ ማንኳኳቱስ በስንት ነው?» አለች።
«ጩኸቴንስ፣ ለቤልሚሮ ክፍል ልሽጠው ወይስ ልስጠው?»
መዝገቡን ገለጥኩ። በጣቴ ወረድኩበት፣ ወጣሁበት።
በየትኛው መስመር? ገቢ በሉት ወጪ፣ ቦታ አጣሁለት።
ቀና አልኩና «ዋጋ የለውም» አልኳት።

እኔ ያልኩት፣ ተመን አልወጣለትም፣ ከተመን በላይ ነው፤
እሷ የሰማችው፣ ከንቱ ነው።
ቃሉ አንድ፣ ጆሮው ሁለት።
«ገባኝ» ብላ ሄደች። ልጠራት አፌን ስከፍት
ስልክ ጮኸ፤ የዘይት ነጋዴው ነበር።

በጥቅምት ከሮተርዳም አንድ ኮንቴይነር ተመለሰ፤
ክዳኑ እንደ እርጉዝ ሆድ ያበጠ፣ ዘይቱ ካርቶኑን ያራሰ።
ኤርናኒ ሒሳቡን አስመጣ፤ ክፍል በክፍል አየነው፦
ቆራጩ አትርፏል። አብሳዩ አትርፏል። አሻጊውም ደህና ነው።
ጠቅላዮቹማ በሰዓት የጠቀለሉት
ፋብሪካው ከተከፈተ ታይቶ አይታወቅም፤
ማንኳኳት የለማ!
የከሰረው ፋብሪካው ብቻ ነው።

ኤርናኒ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ ለራሱ ያህል፣
«ለካ አባቴ በክፍሎቹ መሃል
ግድግዳ ያላቆመው፣ ብር አንሶት አይደለም» አለ።

ቢላና እንፋሎቱ እንደተተመኑ ቀሩ።
ለዴኦሊንዳ የወር ደመወዝ ቆረጡላት፣ ቁጥር ሳይቆጥሩ።
ታንኳኳለች፤ «ዷ» ያለውን ለብቻ ታስቀምጣለች።
ግን አትጣራም።
ቤልሚሮ አንዳንዴ ማሽኑን አቁሞ ወደሷ ያያል፤
እሷ ወረቀቷን ታጥፋለች።

ይህን በየትኛው መስመር እንደምጽፈው ዛሬም አላውቅም።
ማታ፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ መዝገቡን እዘጋለሁ፣
በጣቴ አንጓ አንዴ እመታዋለሁ፣
ጆሮዬን እሰጠዋለሁ።