ቃለ ጉባኤ

እሑድ ነው። ጎንደር፣ ቀሃ ማዶ፣ የእድሩ አዳራሽ ሞልቷል፤
ሊቀመንበር አያናው ከበሩ ጥግ ተቀምጧል።
ክሱ አንድ መስመር ነው፦ «ትልቁን ድንኳን ሸጧል።»
ብዕር የያዝሁት እኔ ነኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየለቅሶው ድንኳን የተከለው
ዛሬ ለራሱ አንዲት ጥላ የለው።

ወይዘሮ የሻረግ ተነሡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፤
«አላየሁም፣ ሰምቻለሁ፤ ሰማች ብላችሁ ጻፉ።»
«ከማን?» «ከምስጋናው።» ምስጋናው «ከጸጉር ቤት»፣
ጸጉር አስተካካዩ «ከአዘዞ ባጃጅ፣ ከፊት ከነበሩት»።

በችሎት ያረጁት አቶ ውባንተ
«የስሚ ስሚ ነው» አሉ፣ «ማን አየ ከእናንተ?»
ከኋላ አንድ ጎልማሳ፦ «ይሄ ችሎት አይደለም፤
ወንበር ነው የምንወስደው፣ የሚታሰር የለም።»

ደንቡን ገለጥሁ። ሃያ ሦስት አንቀጽ። ስለ ንፍሮ አለ፣
ስለ አግዳሚ ወንበር፣ ስለ ቀሪ መቀጮ አለ፤
ስለ ጆሮ ግን ዝም አለ።

ባጃጅ ነጂው ተጠራ። አዳራሹን ዞሮ ቃኘ፣
ብዕሬ ላይ ሲደርስ ዓይኑ የፈለገውን አገኘ።
ትዝ አለኝ ያ ቀን። ዝናብ ነበር። እየሣቅሁ
«ድንኳኑ ጠፋሳ! አያናው ሸጦት ይሆን?» አልሁ።

«ይሆን» የምትለው ቃል ከባጃጁ ወድቃ ቀርታለች፤
ጥያቄዬ እግር አውጥታ ምስክር ሆና መጥታለች።

ሰብሳቢው «ጻፍ እንጂ!» ይላል። አያናው ግን ምንም።
የስሜን አንድ ፊደል ጽፌአለሁ፤
ቀለሙ አልደረቀም።