ሐረግ ቆጠራ

ሎውል ላይ ነው ቤቱ፣ ከወንዙ ድልድይ ሥር፣
ከድሮ ጥጥ ፋብሪካ፣ ከቀይ ጡብ አጥር፤
እኔ ከላይኛው ፎቅ፣ ካሊሮዪ ከታች፣
የዘጠና ዓመት ባልቴት፣ ቤት ያከራየች።

ውሉ ላይ ያልጻፈችው አንድ ግዴታ አለ፦
ውርጭ ሳይወርድ ገና፣ ቅጠል እንደጣለ፣
የጓሮውን ወይን አጎንብሶ ማስተኛት፣
አፈር ማልበስ፣ ገለባ መደረብ፣ እስከ ሚያዝያ ማቆየት።

የመጀመሪያው ዓመት «ቀብር ነው ወይ?» ብላት፣
ከዘራዋን አነሳች፣ ሳቅም እየቀደማት፤
«የሞተ ነው የሚቀበር፤ ይሄ ግን ያርፋል።
ደግሞ ቀስ፣ አትቸኩል፣ አንገቱ ይሰበራል።»

ተንበርክኬ ግንዱን ስዳብስ በጣቴ፣
እብጠት ነካሁ ድንገት፣ ሻካራ እንደ ጉልበቴ፤
ከሱ በላይ ቅርፊቱ ቀጭን ነው፣ ነጣ ያለ፣
ከሱ በታች ጥቁር፣ ወፍራም፣ የቆሰለ።

«አገኘኸው?» አለች።

«ፔሎፖኔዝ ይባላል የአያቴ አባት አገር፤
ቁልቁለቱ ሁሉ ወይራ ብቻ ነበር።
አንድ ቀን ወሬ መጣ፦ በፈረንሳይ ምድር
ወይን ያልቃል አሉ፣ ከሥሩ ጀምሮ ሲደርቅ ሲያር።
ከሰሊጥ የምታንስ ቅማል፣ ከዚሁ ከአሜሪካ
በመርከብ ተሳፍራ የሄደች ናት ለካ።
ፈረንሳይ ዘቢብ ሸመተ፣ ውሃ አፍስሶ ሊጠምቀው፤
የኛ ሰው ወይራውን ሁሉ በመጥረቢያ ጨረሰው፤
የሺህ ዓመት ዛፍ ለማገዶ! ማን ሰው ይመክረው?

«ኋላ ግን እነዚያ ዳኑና፣
በአሜሪካ ሥር ላይ ወይን አዳቀሉና፣
ዘቢባችን ቀረ፣ እንደ ጠጠር ክምር፤
ለበግ ሰጡት አሉ፤ በጉ ሰክሮ ሲያድር
አበዳሪው መጣ። አያቴ ወረደ ባሕር።»

ዘቢብ እኔ የማውቀው ለመቅደስ ስለት ነው፣
በእፍኝ ተቋጥሮ ለቄስ የሚሰጥ ነው፤
መንደር ሲያስነቅል አላውቅም።

«ዲያማንቲስ ይባላል። አሥራ ሰባት ዓመቱ።
ግራ ጫማው ውስጥ ጭራሮ፣ በእርጥብ ጨርቅ፣ ከአባቱ።
ቀን ፋብሪካ ውስጥ የጥጥ ብናኝ ሲተነፍስ ውሎ፣
ማታ እዚህ ተከለው፣ በፋኖስ መሬት ፈልፍሎ።
አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፤ ሦስተኛው ላይ ጠወለገ፣ ደረቀ፤
ሥሩን ገልጦ ቢያየው ያቺው ናት፤
‹ቤቷ ድረስ መጣሁላት!› ብሎ፣ አሉ፣ አያቴ ሳቀ።

«አንዲት ቅርንጫፍ ነበረች ነፍስ የቀረላት።
ከወንዙ ዳር ነቀለ ያገሩን ዱር ወይን፤
ፍሬው አፍ ያኮማትራል፣ ሥሩ ግን ቅማሏን
ለምዷት የኖረ ነው፣ ያውቃታል ጠላቱን።
በቢላ ሰነጠቀው፣ የኛን ሰካበት መሐል፤
በጥጥ ፈትል አሰረው፤ ከፋብሪካው የሰረቀው ነው ይባላል።»

ከምድር ቤት ጨለማ፣ ከበርሜሏ ቀድታ
አንድ ብርጭቆ ሰጠችኝ፣ ለድካሜ ውለታ።
ሙጫ ሙጫ ይላል። ፊቴን አየችና፣
«ጥንት በማሰሮ ነበር፣ በጥድ ሙጫ ለስነን፤
ማሰሮው ተሰበረ፣ ጣዕሙ ግን ቀረብን» አለች።

እኔ ባደግሁበት ሰው ሐረግ ይቆጥራል፦
እገሌ የእገሌ ልጅ፣ ሰባት ቤት ይዘልቃል።
ይሄኛውን ሐረግ ከየት ልጀምረው?
በላዩ ስሄድ ባሕር ነው፣ በታቹ ስሄድ ወንዝ ነው፣
መሐሉ ላይ እብጠት፣ የሁለቱም ቁስል ነው።

ዘንድሮ አልወጣችም። ዳሌዋ ተሰብሮ
በመስኮት ታየኛለች፣ ወንበሯ ዞሮ ወደ ጓሮ።
ልጇ ከቦስተን መጥቶ መሬቱን ለካው በሜትር፤
«አስፋልት ቢሆን» አለኝ፤ ለእሷ ግን አልደፈረም ሊናገር።

እኔ አካፋዬን ይዤ ወይኑን አጎነበስኩት፣
አንገቱን ደግፌ ቀስ ብዬ አስተኛሁት፤
አፈሩን መለስኩበት። የበቃ መሰለኝ።
መስታወቱን በከዘራ መታች፤ ቀና አልኩኝ።

ጣቷን ወደ ታች ቀሰረች፦
ጨምር።

ጨመርኩ።