ታፔላ የሌለው ቤት

ሰፈሩን አልነግርህም፤ አዳማ ነው፣ ይብቃህ።
"ነፋስ የሚበዛበት" ብል ምን ሊጠቅምህ?
እዚህ ነፋስ የማይገባው የትኛው ግቢ አለ?
ኮረብታው ላይ እንኳን ብረቱ ክንፍ አውጥቶ ሲዞር ዋለ።

በሩ አረንጓዴ ነው። አይደለም፤ ዋሸሁ።
ሰባት ዓመት ሙሉ ስዋሽ ነው የኖርሁ፦
ለእድሩ ዳኛ "የስፌት ማሠልጠኛ"፣
ለወተት አመላላሹ "የዘመድ ቤት፣ የእኛ"፣
ለባጃጁ ልጅ "እዚህ ጋ ወራጅ አለ" ብዬ፣
ሁለት መንገድ አልፌ፣ ኋላዬን አይቼ፣ ዞሬ ነው መግቢያዬ።

አልጋው አሥራ ሁለት ነው። ትናንት ያደሩት ሃያ ሦስት።
ውሃ በሳምንት ሁለቴ፤ የመጣ ሌሊት የባልዲ ጸብ አለበት።
ያከራየን አቶ ስዩም (ደግ ሰው ነው፣ በመሠረቱ)
"ሌሊት መኪና ይቆማል፣ ሴት ያለቅሳል" አለኝ፣ "ጎረቤቱ
ምን ይለኛል?" ኪራይ ጨመረ። የዘይቱን ብር ሰጠሁት፤
ለሽሮው ደግሞ ውሃ ጨመርኩለት።

ሌንሴ ቀኝ ጆሮዋ አይሰማም። የእጁ ሥራ ነው።
ስትተኛ በቀኟ ነው፣
ግራውን ወደ ላይ አድርጋ፣
በሩ ሲነካ እንድትሰማ፣ እስኪነጋ።

ልጇ ሲፈን ስድስት ዓመቷ። "ቤታችሁን ሳሉ" ብላ መምህሯ
ብታዝ፣ ጣሪያና መስኮት ሳለች፣ ድመትም ከነጅራቷ፤
በር የለውም። "በሩስ?" ብላት፣ በሹክሹክታ፦
"እንዳትናገሪ ብለሽኝ የለ?" አለችኝ፣ ተቆጥታ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ቢሮ ነው ያገናኘናቸው።
"ጥርስና ምላስ እንኳን ይጋጫል" አሏት።
ሌንሴ ቀኝ ጆሮዋን ሰጠቻቸው።
ልቤ ሳቀ። ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን ፌስታሏን አንጠልጥላ መጣች። "ክፈቺልኝ።"
ተቀመጪ አልኳት። አልተቀመጠችም።
"ደንባችሁ ሦስት ወር ነው። ከዚያስ? የት ግቢ ትይኛለሽ?"
ሰባት ዓመት የዋሸሁ ሴት፣ ለዚህች ጥያቄ
አንድ ውሸት አጣሁ።

ቁልፉ ከውስጥ ነው የሚዞረው። እንቢ ብላት፣
እኔም እንደሱ ቆለፍኩባት።
ከፈትኩ። ዘበኛው ጋሽ ደቻሳ ባትሪውን አጠፋ፤
ሲፈን ስታልፍ ወደ ግንቡ ዞሮ አንገቱን ደፋ።

አልጋዋ ሳይቀዘቅዝ፣ ማታውኑ ሌላ ሴት ተኛችበት።
ከፕሮጀክቱ የመጣው ቅጽ ላይ "ከቤተሰብ ጋር የተቀላቀለች"
የሚል ሳጥን አለ።
አንድ ጻፍኩበት።

ማክሰኞ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስልኬ አንዴ ጮኸና ዝም አለ።
የሷ ቁጥር ነው። መልሼ ብደውል፣ ስልኩ በሱ እጅ ካለ?
ባልደውልስ?
ሲፈን ትሆን የነካችው?
ቆርቆሮው ይንኳኳል፤ ነፋስ ነው።
ነፋስ ነው።
ተጋደምኩ፣ በቀኜ፣
ግራ ጆሮዬን ወደ ላይ አድርጌ፣ ስልኩ በእጄ።