ግማሿ ሳንቲም

ቪጎ ወደብ፣ ሌሊት፤ ሰርዲኑ ተመዝኖ፣
ኤላዲዮ መጣ በደረሰኝ አዝኖ፤
«ሁለት ነጥብ ስድስት ሰባት አምስት ሒሳቡ፣
አምስት ወደ ላይ ነው፤ ይኸው ነበር ደንቡ!
ሳቤላ፣ ሳንቲሜስ?»

ኮዱን ዘረገፍኩት፣
ከነጥቡ ወዲያ ጭራውን አየሁት፦
አራት፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ እያዘለ
አምስት ደጅ ሳይደርስ መንገድ ላይ የዋለ።
ዜሮና አንድ ብቻ ፊደል የቆጠረ
ማሽን አምስትን ሲጽፍ በፀጉር አሳጠረ።
ማጠጋጊያው ምን ያርግ የሰጠሁት ጎድሎ፣
ቁልቁል መለሰልኝ ቅርቡ ይህ ነው ብሎ።

በአስር ቤት ጻፍኩት ቁጥሩን እንደገና፤
ኤላዲዮ ሄደ ቆቡን እያቃና።

ሲነጋ ኦቲልያ፣ ገዢዋ፣ ደረሰች፤
«ግማሿ ሁልጊዜ ለሱ ናት ወይ?» አለች።

እኔም ወንበር ሳብኩ።