ብዙኃኑ ኀ

ማናማ፣ ቁደይቢያ፣ ዓርብ ረፋዱ ላይ፣
ከሕንዱ ልብስ ሰፊ፣ ከሱቁ በላይ፣
አሥራ ሦስት ሰዎች፣ አንድ ምንጣፍ ይዘን፣
የአንድ ማራገቢያ ነፋስ ተካፍለን፣
መጽሐፉን ገለጥን።

ይትባረክ ያነባል፤ ወደብ ላይ ክሬን ነጂ ነው፤
ሳምንቱን ብረት የሚሰቅል፣ ዓርብ ቃል የሚያወርደው።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የምጽፍበትም
ባንኩ የጣለው ደረሰኝ ጀርባ ነው፤ ደብተር አልገዛሁም።

«ሃጢያት» ብዬ ጻፍሁ፣ ጆሮዬ እንዳቀበለኝ፤
ጎንበስ ብሎ አየና በጣቱ ነካልኝ፦
«በሃሌታው አይደለም፤ በብዙኃኑ ኀ።»
የሺመቤት ሳቀች፦ «ኧረ ሀ ያው ሀ!
እግዜር ፊደል ቆጥሮ ነው እንዴ የሚፈርደው?»

እሱ አልሳቀም። «ፊደል የቤት ቁጥር ነው፤
አንዷን ከሳትሽ፣ የምታንኳኪው የሌላ ሰው ደጅ ነው።
በግዕዙ ኀጥአ ማለት፣ ፈልጎ አላገኘም፣
ባዶ እጁን ተመለሰ፣ አጣ፤ ሌላ አይደለም።
አማርኛችን ቆይቶ ኀውን ከአፉ አወጣ፤
‹አጣ› የሚለው ቃል ራሱ ፊደሉን አጣ።
ኃጢአትና ማጣት አንድ እናት ነው ያላቸው።»

ጸጥ አልን።
ማጣት ነበር ሁላችንንም እዚህ ያሰባሰበን፤
ማጣት ነበር ፓስፖርት ያስቆረጠን።

ዘነበወርቅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ልጅ ያሳደገች፣
ከማዕዘኑ፣ ያበጠ እግሯን እያሸች፣
«ታዲያ» አለች፣ «ያጣ ሁሉ ኃጥእ ነው?
አባቴ በሬ አጣ። እኔ ልጄን።
ይኸ ትርጓሜ የባለጠጋ ነው።»

ይትባረክ ገጹን ገለጠ፣ መለሰ፣
ላቡን በእጅጌው አበሰ፤
«ሥሩ አንድ ነው ማለት» አለ በመጨረሻ፣
«ፍሬው አንድ ነው ማለት አይደለም። ሥር መነሻ
እንጂ መድረሻ አይሆንም። ቸኩዬ ነበር፤ ይቅር በይኝ።
አንድም ብለን እንመለስበታለን።»
እኔም «አንድም» ብዬ ጻፍሁ። ቦታ ተውሁ።

ማክሰኞ ማታ የባንኩን ደጃፍ ስወለውል፣
አንድ ሽማግሌ ከገንዘብ ማሽኑ ፊት ቆሟል፤
ምስጢር ቁጥሩ ጠፍቶበታል። መስኮቱ ቀይ ጽሑፍ አወጣ፤
«ኸጠእ» ብሎ አነበበው፤ ድምፁ ከጉሮሮው ጥግ መጣ፣
እኛ የጣልነው ድምፅ፤ እነሱ ግን ያልጣሉት።
መወልወያዬን ተደግፌ ሰማሁት።

ማሽኑ «ስሕተት» ነው ያለው፤ «ኃጢአት» አላለም፤ አውቃለሁ።
ግን ያው ኀ፣ ያው ጠ፣ ያው አ፤ ሦስቱን ለየኋቸው፤
ባሕር ተሻግረው ሌላ ቤት የተከራዩ ወንድማማቾች ናቸው።
ሽማግሌው ደገመ። ሠለሰ። ማሽኑ ካርዱን ዋጠ።
ሰውዬው እጁን እንደ ዘረጋ ቀረ፤
እጁ ባዶ ነበር፤ ገንዘቡ ግን እዚያው፣ ከብረቱ ጀርባ ነበረ።
እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ መሰለኝ፤
ወዲያው ደግሞ ጠፋኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ፣ ጥናቱ ሲያበቃ፣
ዘነበወርቅን ደረጃው ላይ አገኘኋት፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣
ወደ ልጇ ስትደውል፤ በሁለት ዓመቷ ጥላት የመጣች፣
ዛሬ ሃያ አንድ የሞላት።
ያቺ የማትቆጣ፣ የማትራራ ሴት ድምፅ እኔም ጋ ደረሰ፦
የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልተቻለም።

ስልኩን ከጆሮዋ አላወረደችም።
«ያ የግዕዙ ቃል» አለችኝ፣
«ፈልጎ አላገኘም ያለው፣
ፈላጊው ማነው?
እኔ ነኝ ያላገኘሁት? ወይስ እሱ ነው
እኔን ፈልጎ ያጣኝ?»

አላወቅሁም። እሷም መልስ አልጠበቀች፤
እንደገና ደወለች።
እኔ ከኪሴ ደረሰኙን አውጥቼ
ጥያቄዋን ካስተረፍሁት ቦታ ላይ አሰፈርሁ፤
ከሥሩም «አንድም» ብዬ፣
ሌላ ቦታ ተውሁ።